የቦዶ ራስ ቅልና የስሙ ክርክር

ስም የነገር መታወቂያ ነው እንጂ ነገሩ ራሱ አይደለም። ይህ ለጎጃም ደጋ ሰው እንግዳ ትምህርት አይሆንበትም፤ የአገሩ ዋና ከተማ ራሷ ምስክር ናትና። ዛሬ ደብረ ማርቆስ የምትባለው ከተማ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። በወንጌላዊው በቅዱስ ማርቆስ ስም ደብር ከተተከለ በኋላ ከተማይቱም በደብሩ ስም ተጠራች። ስሙ ሲለወጥ ኰረብታው አልተነቃነቀም፤ ብርዱም ጭቃውም ያው ነው። ዳሩ ግን ስሙ ምንም አላደረገም ማለት አይቻልም። ‹መንቆረር› ሲባል የሚሰማ ሰው የሚያስበውና ‹ደብረ ማርቆስ› ሲባል የሚሰማ ሰው የሚያስበው አንድ አይደለም። ስም ለሰሚው መንገድ ይመራል፤ ወደ እውነትም ሊመራ ይችላል፥ ወደ ስሕተትም።

ይህን መናገር ያስፈለገው ከኢትዮጵያ ምድር ስለ ተገኘ ስለ አንድ የጥንት ሰው ራስ ቅል ነው። ራስ ቅሉ ከተገኘ ከ45 ዓመት በላይ ሆኖታል። ተለክቷል፥ ውስጡ በመሣሪያ ታይቷል፥ ዘመኑ ተቈጥሯል፥ በብዙ መጻሕፍትም ተጽፏል። ነገር ግን ‹የየትኛው ወገን ነው? በምንስ ስም ይጠራ?› ለሚለው ጥያቄ ሊቃውንቱ እስካሁን በአንድ ቃል አልመለሱም። ነገሩ የፈረንጆች የቃል ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ የአገራችን የአንድ ስፍራ ስም የገባበት ክርክር ስለ ሆነ ግን ዝም ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

አስቀድሞ አንባቢ ‹እንዲህ ያለ ዐጥንት ስለ ምን ከጎጃም ደጋ አይወጣም?› ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ምክንያቱ በመሬቱ ነው። የጎጃም ደጋ ከምድር ውስጥ ቀልጦ በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ የተነባበረ ነው። የምድር ሊቃውንት እንደ ቈጠሩት የታችኛው ንብብር 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፥ የጮቄ ተራራ ድንጋይም 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ይህ ሁሉ ሰው የሚመስል ፍጥረት በምድር ላይ ከመታየቱ እጅግ የቀደመ ነው። ደግሞም ደጋው አፈሩን የሚሰጥ እንጂ የሚያከማች አገር አይደለም። ክረምት በመጣ ቍጥር ዝናሙ አፈሩን እያጠበ በጨሞጋና በሙጋ አድርጎ ወደ ዓባይ ያወርደዋል፤ በሜዳው የወደቀ ዐጥንትም ተዳፍኖ ሳይቈይ ይበሰብሳል ወይም ከጎርፉ ጋር ይሄዳል።

በአፋር ቆላ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ምድሩ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ዝቅ እያለ ስለሚሄድ ወንዝና ሐይቅ ደለላቸውን ያነጥፉበታል፤ እሳተ ገሞራም አመዱን ይነሰንስበታል፤ እንዲህ እያለ እንደ ብራና ቅጠል ይደራረባል። ኋላም ጎርፍ ሲቈርጠው የተደራረበው ይገለጣል፥ በውስጡ የተዳፈነውም ዐጥንት ወደ ብርሃን ይወጣል። እንግዲህ የጎጃም ሰው ስለ ጥንቱ ሰው ሊያውቅ ቢወድ ዐይኑን ከዓባይ አንሥቶ ወደ አዋሽ ማቅናት ይኖርበታል።

በ1969 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1976) በጆን ካልብ የሚመራ የጥናት ቡድን በመካከለኛው አዋሽ፥ ቦዶ በሚባለው ስፍራ ምድሩን ይመረምር ነበር። ከቡድኑ ሰዎች ኢትዮጵያዊው አለማየሁ አስፋውና ቻርልስ ስማርት በደረቅ የወንዝ ቦይ ላይ የፊቱን ታችኛ ክፍል አገኙ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፖል ኋይትሄድና ክሬግ ዉድ የፊቱን ላይኛ ክፍል አገኙ። ስብርባሪው እየተለቀመ ተገጣጠመና ራስ ቅል ሆነ። በዚያው አካባቢ የተጠረቡ የድንጋይ መሣሪያዎችና የአራዊት ዐጥንቶች ነበሩ። የታችኛው መንጋጋ ግን ከራስ ቅሉ ጋር አልተገኘም፤ ይህን አንባቢ በልቡ ያኑር፥ የክርክሩ ቋጠሮ ኋላ ወደዚህ ይመለሳልና። ራስ ቅሉ ዛሬ በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም ይጠበቃል።

ዘመኑ የታወቀው ከዐጥንቱ ሳይሆን በስፍራው ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የተባለው ንጥረ ነገር በታወቀ ልክ ጥቂት በጥቂት ወደ አርጎን አየር ይለወጣል፤ የተጠራቀመው አርጎን ሲለካ አመዱ የወደቀበት ዘመን ይገኛል። በዚህ መንገድ ተቈጥሮ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1994 የታተመው ጥናት 640,000 ዓመት ገደማ አለው፤ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች 30,000 ዓመት ያህል ሊያንስ ወይም ሊበልጥ ይችላል። ብዙዎች አጠቃለው 600,000 ዓመት ይሉታል።

መልኩ ሁለት ወገን ነው። ፊቱ እጅግ ሰፊና ግዙፍ ነው፤ የቅንድቡ ዐጥንት ወደ ፊት ወጥቶ ዐይኖቹን እንደ ጣሪያ ክፈፍ ይከድናል፤ ግንባሩ ወደ ኋላ ያዘነበለ፥ የራሱም ዐጥንት ወፍራም ነው። በዚህ በዚህ ሆሞ ኤሬክቱስ የተባለውን ይመስላል፤ ይኸውም ኡዤን ዱብዋ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1891 በጃዋ ደሴት ካገኘው ዐጥንት የተነሣ ስሙ የታወቀው ነው። ነገር ግን የአንጎሉ ማኅደር ሰፊ ነው። በ2000 በታተመ ጥናት በራጅ መሣሪያ ተለክቶ 1,250 ኩብ ሳንቲሜትር ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ የዛሬ ሰው መካከለኛ ልክ ደግሞ 1,350 ያህል ነው። ከጆሮ በላይ ያለውም የጎን ዐጥንት እንደ ዛሬ ሰው በቅስት የተሠራ ነው። እንግዲህ በፊቱ ሲያዩት ከቀደሙት ጋር፥ ከጆሮው በላይ ሲያዩት ከኋለኞቹ ጋር ይቈጠራል። የሊቃውንቱ ጭንቀት ከዚህ ይጀምራል።

ለፍጥረታት ስም የሚሰጥበት ሥርዓት ከቅኔ ቤት ሥርዓት የማይላላ ነው። መሠረቱን የጣለው ስዊድናዊው ካርል ሊኔ ነው፤ የእንስሳት ስም ሕግም የሚጀምረው በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1758 ከታተመው መጽሐፉ ነው። እያንዳንዱ ፍጥረት ሁለት ስም ይሰጠዋል፥ አንዱ የነገዱ፥ ሁለተኛው የወገኑ። ‹ሆሞ› በላቲን ሰው ማለት ነው፤ ‹ሳፒየንስ› ጥበበኛ ማለት ነው። ሁለት ጽኑ ሕጎች አሉ። የመጀመሪያው፥ ስሙ ከአንድ ከታወቀ ዐጥንት ጋር ይታሰራል፤ ስሙ የሚነገርለት ሌላው ሁሉ ከዚያ ዐጥንት ጋር ተመሳክሮ ነው። ሁለተኛው፥ ለአንድ ወገን ሁለት ስም ወጥቶለት ቢገኝ የቀደመው ይጸናል፥ የኋለኛው ይወድቃል። ስሙ ለነገሩ የማይስማማ ትርጕም አለው ተብሎ አይሻርም።

ከቦዶ በፊት ሁለት ስሞች ወጥተው ነበር። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1907 በጀርመን አገር ሃይድልበርግ አጠገብ ማወር በሚባል ስፍራ አሸዋ ሲቈፈር አንድ የታችኛ መንጋጋ ተገኘ፤ በማግስቱ ዓመት ኦቶ ሾተንዛክ ሆሞ ሃይድልበርጌንሲስ ብሎ ሰየመው። በ1921 ደግሞ ዛሬ ዛምቢያ በምትባለው አገር በማዕድን ጕድጓድ ውስጥ አንድ ሙሉ ራስ ቅል ተገኘ። ስፍራው ያን ጊዜ ብሮክን ሂል፥ አገሩም ሰሜን ሮዴዢያ ይባል ስለ ነበር አርተር ስሚዝ ዉድዋርድ ሆሞ ሮዴዢየንሲስ አለው። ሮዴዢያ የሚለው ስም ደግሞ አገሩን ለእንግሊዝ ግዛት ካስገባው ከሴሲል ሮድስ የመጣ ነው። አገሩ በ1964 ነጻ ወጥቶ ዛምቢያ ተባለ፤ ብሮክን ሂልም እንደ መንቆረር ስሙን ለውጦ ካብዌ ተባለ። የራስ ቅሉ የላቲን ስም ግን እንደ ነበረ ቀረ፤ ራስ ቅሉም ዛሬ በለንደን ይገኛል።

የቦዶው ራስ ቅል ሲመጣ አንዳንዶቹ ‹ጥንታዊ ሳፒየንስ› አሉት። ፊሊፕ ራይትማየር በ1996 ባሳተመው ጥናት ከሃይድልበርጉ ወገን መቍጠሩ ይሻላል አለ። ሌሎች የካብዌውን መሰለ አሉ። እንግዲህ ወደ ቋጠሮው እንመለስ፦ የሃይድልበርግ ስም የታሰረው በመንጋጋ ነው፤ ቦዶ ደግሞ መንጋጋ የለውም። አንዱ ያለ ራስ መንጋጋ፥ ሌላው ያለ መንጋጋ ራስ ሆነው ሁለቱን ፊት ለፊት ማነጻጸር አልተቻለም። ቦዶንና ካብዌን ማነጻጸር ይቻላል፥ ሁለቱም ፊት አላቸውና፤ ነገር ግን በ2020 በታተመ ጥናት የካብዌው ዘመን 299,000 ዓመት ገደማ ተባለ፤ ይህም ከቦዶ ዘመን እኩሌታ ያነሰ ነው።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ (በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2021) ሚርያና ሮክሳንዲችና ጓደኞቿ አዲስ ስም አወጡ፥ ሆሞ ቦዶኤንሲስ የሚል። አሳባቸው እንዲህ ነው፦ ሃይድልበርጌንሲስ የሚለው ስም የሁሉ ማከማቻ ሆኖ ትርጕም አጥቷል፤ በኤውሮፓ ያሉት ዐጥንቶች ወደ ኒያንደርታል ወገን ያደላሉ፤ ሮዴዢየንሲስ የሚለውም ልዩ ልዩ ሰዎች በልዩ ልዩ ትርጕም የሚጠሩት፥ የቅኝ ገዢም ስም የተሸከመ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ይቅሩና የዛሬው ሰው አባት የሚሆነው የአፍሪካው ወገን በቦዶ ስም ይጠራ፥ የስሙም መሠረት የቦዶው ራስ ቅል ይሁን አሉ። በማግስቱ ዓመት ኤሪክ ዴልሰንና ክሪስ ስትሪንገር፥ ሌሎችም፥ መለሱላቸው። ቦዶና ካብዌ አንድ ወገን ከሆኑ የ1921 ስም ከ2021 ስም መቶ ዓመት ይቀድማልና በሕጉ የቀደመው ይጸናል፤ አንድ ካልሆኑም ልዩነታቸው በዐጥንቱ ይታይ አሉ። ክርክሩ እስካሁን እዚህ ላይ ነው።

ይህ ነገር በደብረ ማርቆስ ከተማ የሥነ ሕይወት ትምህርት ወደሚያስተምር አንድ መምህር ደረሰ። ይህ ሰው በልጅነቱ ደበሎ ለብሶ፥ ቍራሽ ለምኖ ቅኔ የተማረ ነው፤ ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ገባ። አዲሱን ስም በሰማ ጊዜ ደስ ብሎት በሰሌዳው ላይ ጽፎ አስተማረ፤ ከኢትዮጵያ ቆላ የወጣ የስፍራ ስም በዓለም መዝገብ ውስጥ ለሰው አባት መጠሪያ ሲሆን ማን ደስ የማይለው አለ? ነገር ግን ከተማሪዎቹ አንዲት ልጅ ሌላ ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ይዛ መጥታ ‹በፈተና ላይ የትኛውን እንጻፍ?› ብላ ጠየቀችው። ፈተናው ቀርቦ ነበርና መልስ መስጠት ግድ ሆነበት። በእሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ተጕዞ የቀድሞ የቅኔ መምህሩን ሊጠይቅ ሄደ።

የኔታ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የተማሪ ቅኔ ያርሙ ነበር። ልጁ ጉልበት ስሞ ተቀመጠና ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወጋቸው። ‹እንግዲህ የኔታ፥› አለ፥ ‹የእኛ አገር ስም እያለ የገዢ ስም ይጸና ዘንድ ይገባልን? ለተማሪዎቼስ ምን ልበላቸው?›

የኔታ ወዲያው አልመለሱለትም። ይልቁንም ከአጠገባቸው ያለውን ተማሪ ሰሌዳ ተቀብለው ‹ገና› የሚል ቃል ብቻ ጻፉበትና ‹ይህን ፍታልኝ› አሉት።

‹ላልቶ ነው ጠብቆ?› አለ መምህሩ።

‹እሱን አልነግርህም፤ የተጻፈው ይኸው ነው።›

‹እንግዲያው አይፈታም፤ ላልቶ ቢነበብ ያልደረሰ ነገር ነው፥ ጠብቆ ቢነበብ የጌታ ልደት በዓል ነው። ከፊቱና ከኋላው ያለውን ሳላይ እንዴት እፈታዋለሁ?›

‹ያንተም ራስ ቅል እንዲሁ ነው› አሉት የኔታ። ‹ቃሉ በእጅህ አለ፥ ዐረፍተ ነገሩ ግን ተቈርጧል። መንጋጋው ቢገኝ፥ የዘመኑ ጓደኞቹም ቢገኙ ይላላል ወይም ይጠብቃል። እስከዚያ ድረስ በግድ የሚያነበው ሰው የራሱን ምኞት ያነባል።›

መምህሩ ግን በዚህ አልረካም። ‹ምኞት ብቻ አይደለም የኔታ። ያኛውም ስም ቢሆን የገዢው ምኞት ነበር፤ የካብዌ ሰዎች ስሙን አልመረጡትም። በሕግ ተጠብቆ ስለ ኖረ ቅን አይሆንም።›

ይህ ብርቱ ነገር ነበርና የኔታም አላቃለሉትም። ‹እውነት ብለሃል› አሉት፤ ‹የከተማ ስም የከተማው ሰዎች ነው፤ ቢለውጡት መብታቸው ነው። መንቆረርንም ደብረ ማርቆስ ብለናት የከሰሰን የለም። ግን ሁለት ነገር አትቀላቅል። ስሙ ቅን አይደለም ማለት አንድ ክርክር ነው፤ ዐጥንቱ የሌላ ወገን ነው ማለት ሌላ ክርክር ነው። የመጀመሪያውን ብትረታ ሁለተኛውን ረታሁ አትበል። አንድ ሰው የዋሸራን ቤት ስለሚወድ የጎንጅን ቅኔ ‹የዋሸራ ነው› ቢል ዋሸራን አከበረ ትላለህን?›

‹አልልም፤ ዋሸራን በሐሰት አከበረ እላለሁ።›

‹ባለቤቱ ሲመጣ ያፍርበታል። አገርህንም እንዲህ አታክብራት። ደግሞስ ያ ራስ ቅል ሲገኝ ምን ተባለ?›

‹ቦዶ ተባለ፤ በመዝገቡም ቦዶ 1 ተብሎ ተጽፏል።›

‹ይህን ስም የሚከራከረው አለን?›

መምህሩ አሰበ። ሃይድልበርጌንሲስ የሚሉትም፥ ሮዴዢየንሲስ የሚሉትም፥ ሌላም የሚሉት፥ ሁሉም ክርክራቸውን ሲጀምሩ ‹የቦዶ ራስ ቅል› ብለው ነው። ‹የለም› አለ።

‹እንግዲያው የተመኘኸው ክብር ቀድሞ በእጅህ አለ› አሉት የኔታ።

ከዚህ በኋላ የኔታ ደግሞ በተራቸው ጠየቁ። ‹ሆሞ ማለት ሰው ማለት ነው አልከኝ። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ትላለህን? በመጽሐፍ ከምናነበው ከአዳም ልጆች አንዱ ነው?›

‹የኔታ፥ ሊቃውንቱ ሆሞ ሲሉ የሚመዝኑት ዐጥንትን፥ አንጎልን፥ የእጅ ሥራን ነው። ስለ ነፍስ የሚመሰክር መለኪያ የላቸውም፤ አለን ብለውም አይናገሩም። አንድ ነገር ግን በዐጥንቱ ላይ አለ።› አለና ስለ ጭረቱ ነገራቸው።

ጭረቱን መርምሮ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ያሳተመው ቲም ኋይት ነው። በጕንጩ ዐጥንት፥ በዐይን ጕድጓዱ ውስጥና በግንባሩ ላይ በስለታም ድንጋይ የተቈረጠ ምልክት አለ፤ ምልክቱ የተደረገው ዐጥንቱ ገና እርጥብ ሳለ ነው። ከሞተ በኋላ አንድ እጅ ሥጋውን ከዐጥንቱ ለይቷል ማለት ነው። ለመብል ነው ወይስ ለሙታን ክብር? ጭረቱ አድራጎቱን ይናገራል እንጂ አሳቡን አይናገርም። ከዚያው ከመካከለኛው አዋሽ፥ ሔርቶ በሚባለው ስፍራ በ1990 ዓ.ም. የተገኙት የ160,000 ዓመት ገደማ ራስ ቅሎችም እንዲህ ያለ የመሣሪያ ምልክት አለባቸው፤ የሕፃኑ ራስ ቅል ደግሞ ከሞት በኋላ በእጅ ብዛት እንደ ተሻሸ ሆኖ ልሷል። የሔርቶዎቹም የስም ክርክር አለባቸው። በ1995 ዓ.ም. ቲም ኋይት፥ ብርሃነ አስፋውና ጓደኞቻቸው ሲያሳውቋቸው ከዛሬው ሰው ወገን ቈጥረው በአፋርኛ ‹ኢዳልቱ› የሚል ተቀጽላ ጨመሩላቸው፥ ትርጕሙ ታላቅ ወይም ሽማግሌ ነው፤ ይህ ተቀጽላ አያስፈልግም ያሉም አሉ።

የኔታ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ እንዲህ አሉ፦ ‹እኛ ሙታንን ገንዘን የምንቀብር ሰዎች ነን፤ የዚያን እጅ ነገር ባውቅ እወድ ነበር። ለክብር አድርጎት ከሆነ የምናውቀው ኀዘን ነው፤ ለረኃብ አድርጎት ከሆነም የማናውቀው ረኃብ አይደለም። ግን ምስክሩ ዝም ካለ እኔ ስለሱ አልናገርም። የነፍስን ነገር ከአንተ መለኪያ አልፈልግም፤ የዐጥንትን ዘመንም ከዳዊት አልፈልግም። ሁለቱን በየደጃቸው እጠይቃለሁ።›

መምህሩ ሊነሣ ሲል የፈተናውን ነገር ደግሞ አነሣ። የኔታም መለሱለት፦ ‹ቅኔ ስትማር በመጀመሪያ ምን አስተማርኩህ? ቅኔው ስንት ቤት እንደ ሆነ ቍጠር፤ 2 ቤት ከሆነ ጉባኤ ቃና ነው፥ 8 ቤት ከሆነ መወድስ ነው፤ ይህ ክርክር የለውም። ቀጥለህ ቃሉን በየአገባቡ ፍታ። ምሥጢሩ በመጨረሻ ይመጣል፤ በምሥጢሩ ላይም ሊቃውንት ይለያያሉ፥ ተማሪም ሁለቱን ችሎ ይይዛል። ልጆቹንም እንዲሁ ጠይቃቸው።›

ሰኞ ዕለት መምህሩ ለፈተናው ያዘጋጀውን ጥያቄ ለወጠው። ‹የቦዶ ራስ ቅል ስሙ ማን ነው?› የሚለውን ፍቆ ሦስት ጥያቄ ጻፈ፦ የት፥ መቼና ከምን ጋር ተገኘ? በምን የቀደሙትን ይመስላል፥ በምንስ የዛሬውን ሰው ይመስላል? ምን ምን ስሞች ተሰጡት፥ እያንዳንዱንስ ስም የሚሰጡት ሰዎች በምን ምክንያት ነው? ጠያቂዋ ልጅ ጥያቄውን አንብባ ‹ይህኛው ይከብዳል› አለች። ይከብዳልም። አንድ የላቲን ቃል በቃል ከመያዝ፥ የተለያዩ ሰዎችን ምክንያት ሳያዛቡ መናገር ይበልጥ ይከብዳል።

አንባቢም ከዚህ አንድ ነገር ቢይዝ መልካም ነው። ከአገራችን ምድር ብዙ ዐጥንት ወጥቷል፥ ገናም ይወጣል፤ በወጣም ቍጥር ጋዜጣው አንድ ታላቅ ስም ይዞ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ‹ስሙ ያኰራናልን?› ብሎ ከመጠየቅ በፊት ‹ስሙ በየትኛው ዐጥንት ታስሯል? የቀደመ ስምስ የለውምን?› ብሎ መጠየቅ ይገባል። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ስሙ ቢጸና ክብሩን ያለ ፍርሃት ይቀበላል፤ ስሙ ቢወድቅም አያፍርም፥ በስሙ ላይ አልቆመምና።

የቦዶው ሰው መንጋጋ ምናልባት ከጥንት ጀምሮ ተፈጭቶ አልቋል፤ ምናልባትም በአዋሽ ዳር በደለል ውስጥ ተዳፍኖ አለ። በአፋር ቆላ ጎርፍ በየዓመቱ የወንዙን ዳር ይቈርጣል፤ በየዓመቱም የአገሩ ልጆችና የውጭ ሊቃውንት ጎንበስ ብለው ይፈልጋሉ። አንድ ቀን ከተገኘ ከሃይድልበርጉ መንጋጋ አጠገብ ይቀመጥና ይታያል፤ የላቲኑም ስም ያን ጊዜ ይለይለት ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ስሙ ቦዶ ነው።